የአማርኛ የተጸውዖ ስም እንደ ንግግር፦ ማን ለማን ይናገራል?

መግቢያ

የሰውን ስም የሚመለከቱ ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ የሚነሡት «ትርጉሙ ምንድን ነው?» ከሚለው ጥያቄ ነው። ከበደ ማለት ክብደት ያለው፣ አበበ ማለት ያበበ፣ ተስፋዬ ማለት የእኔ ተስፋ እየተባለ ዝርዝር ይዘጋጃል። ይህ ዓይነቱ ዝርዝር ጠቃሚ ቢሆንም የአማርኛን የተጸውዖ ስም አንድ ዋና ጠባይ ይሸፍነዋል። አያሌ የአማርኛ ስሞች ቃላት ብቻ ሳይሆኑ ሙሉ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው፤ ዓረፍተ ነገር ደግሞ ተናጋሪ፣ አድማጭና የተነገረበት ጊዜ አለው። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማም ስም ከመዝገበ ቃላዊ ፍችው ባሻገር በእነዚህ በሦስቱ መመርመር እንዳለበት ማሳየት ነው።

1. የስሞቹ ሰዋስዋዊ መልክ

በመጀመሪያ ግሡን እንመልከት። አበበ፣ ከበደ፣ በቀለ፣ ታደሰ፣ ተሾመ የሚሉት ስሞች በኀላፊ ጊዜ የተነገሩ ሲሆኑ ባለቤታቸው በግልጽ አልተጠቀሰም። ከበደ ሲባል ማን ወይም ምን ከበደ? ሕፃኑ ነው? ቤቱ ነው? ወይስ በቤቱ ላይ የደረሰው ነገር? በቀለ ሲባልስ የበቀለው ልጁ ነው ወይስ የደረቀ የመሰለው ዘር? መልሱን የሚያውቀው ስሙን ያወጣው ሰው ብቻ ነው።

ይልማ እና ይርጋ የምኞት ቃላት ናቸው። ግዛው፣ አስፋው፣ ናደው ደግሞ ትእዛዝ አንቀጾች ናቸው፤ ሕፃኑ ገና ሳይናገር ይታዘዛል። ካሳሁን፣ ጥላሁን፣ ጌታሁን በሚሉትም «ሁን» የሚለው ትእዛዝ በግልጽ ይታያል። በሴቶች ስም ግን አብዛኛውን ጊዜ ትእዛዙ ቀርቶ «ነሽ» ይገባል፦ ጥሩነሽ፣ ወርቅነሽ፣ ብዙነሽ፣ አገርነሽ። ለወንዶችም አንተነህና በላይነህ የመሳሰሉ ስሞች ስላሉ ልዩነቱ ፍጹም አይደለም። ሆኖም ወንዱ የሚሠራው ሲነገረው፣ ሴቷ የሆነችው ይነገራታል ማለት ይቻላል። ይህ ዝንባሌ ስለ ስም ብቻ ሳይሆን ኅብረተሰቡ ከወንድና ከሴት ልጅ ስለሚጠብቀው ነገርም የሚጠቁመው አለ።

የአንደኛ መደብ ስሞች ይበልጥ ትኩረት ይሻሉ። ዓለማየሁ ማለት «ዓለም አየሁ»፣ ስንታየሁ ማለት «ስንት አየሁ» ነው። «አየሁ» የሚለው ግን ስሙን የተሸከመው ልጅ አይደለም፤ እናቱ ወይም አባቱ ወይም አያቱ ናቸው። ስለሆነም ልጁ ዕድሜ ልኩን የሚጠራው በሌላ ሰው «እኔ» ነው። ወንድማገኘሁ በሚለው ስም ደግሞ ተናጋሪው እንኳ በቀላሉ አይለይም። ወንድም ያገኘው ታላቅየው ልጅ ነው? ወይስ ወንድም ሳይኖራት ያደገች እናት የወለደችውን ልጅ እንደ ወንድም ቆጥራ የተናገረችው ነው? ሁለቱም ይቻላል።

ከዚህ ሌላ ስሙ የሚነገረው ለሕፃኑ ሳይሆን በዙሪያው ላሉት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ዳኛቸው ሲባል «እነርሱ» የተባሉት እነማን ናቸው? ሺፈራው ሲባልስ የሚፈራው ሺ ሕዝብ የት አለ? ማንያዘዋል የሚለው ስም ደግሞ ጥያቄ ነው፤ ጥያቄውም የሚወረወረው ከአጥር ውጭ ነው። ጎረቤት፣ ባላንጣ፣ የርስት ተሟጋች ሁሉ የስሙ አድማጭ ሊሆን ይችላል።

2. ሞትን የሚመልሱ ስሞች

የስም ንግግርነት ጎልቶ የሚታየው ከሐዘን በኋላ በሚወለዱ ልጆች ላይ ነው። ካሳ፣ ምትኩ፣ ተካ፣ ተካልኝ፣ ማስረሻ የሚሉት ስሞች ከልጁ በፊት የሞተ ሰው እንዳለ ብዙ ጊዜ ይናገራሉ። ምትኩ በሚለው መጨረሻ ላይ ያለው «የእርሱ» የሚል ምዕላድ ወደ ሟቹ ያመለክታል፤ ሟቹ ሳይጠራ በሕያው ስም ውስጥ ይኖራል። ቢያድግልኝ እና ኑርልኝ ደግሞ ልመና ናቸው። አሰጋኸኝ የሚለው ሕፃኑን ፊት ለፊት የሚያናግር የሥጋት ቃል ነው። በተካልኝ፣ በቢያድግልኝና በኑርልኝ ውስጥ የምትሰማው «ልኝ» የተናጋሪው ድምፅ የቀረባት ቦታ ናት።

ይህ ልማድ የአማርኛ ብቻ አይደለም፤ በሴም ቋንቋዎች ታሪክ ውስጥ ሥሩ ጥልቅ ነው። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 41 ዮሴፍ የበኵር ልጁን ምናሴ ይለዋል፤ ምክንያቱም እግዚአብሔር መከራውን ስላስረሳው ነው። ምናሴ በዕብራይስጥ «የሚያስረሳ» ማለት ሲሆን ከአማርኛው ማስረሻ ጋር በሐሳብ አንድ ነው። በዚያው መጽሐፍ ምዕራፍ 4 ሔዋን ሴትን በአቤል ፈንታ የተሰጠ ዘር አድርጋ ትሰይመዋለች። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 4 ደግሞ የፊንሐስ ሚስት የታቦቱን መማረክ፣ የአማትዋንና የባልዋን ሞት ሰምታ በምጥ ላይ ሳለች ልጅዋን ኢካቦድ ብላ ሞታለች፤ ክብር መለየቱን የሚናገር ስም ነው። በእነዚህ ታሪኮች ስሙ ከምክንያቱ ጋር ስለ ተጻፈ ተናጋሪውና ጊዜው ከሦስት ሺህ ዘመን ግድም በኋላም አልጠፉም።

በአካድኛም እንዲሁ ነው። ከ705 እስከ 681 ከክርስቶስ ልደት በፊት የነገሠው የአሦር ንጉሥ ሰናክሬም፣ ስሙ በራሱ ቋንቋ «ሲን የተባለው አምላክ ወንድሞችን ተካ» ማለት ነው። ታላላቅ ወንድሞቹ ከእርሱ በፊት እንደ ሞቱ የሚገመተው ከዚሁ ስም ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ ዘንድ የወራሪ ስም ሆኖ የሚታወቀው ሰናክሬም፣ በትርጉሙ ከማንኛውም የገጠር መንደር ተካልኝ የተለየ አይደለም። ሚካኤል የሚለውም «ማን እንደ እግዚአብሔር» የሚል ጥያቄ በመሆኑ በቅርጹ ከማንያዘዋል ጋር ይመደባል።

በአንጻሩ በጋና የአካን ሕዝብ ዘንድ ልጅ ከሚሰጡት ስሞች አንዱ የተወለደበት ዕለት ስም ነው። ክዋሜ ቅዳሜ የተወለደ ወንድ፣ ኮፊ ዓርብ የተወለደ ወንድ ነው። እንዲህ ያለው ስም የልደቱን ቀን ይመዘግባል እንጂ የሰያሚውን ስሜት አይገልጽም። ንጽጽሩ የሚያሳየው ስም ሁሉ በአንድ ዓይነት ጥያቄ ሊመረመር እንደማይችል ነው።

3. አንድ ሰው፣ ሦስት ተናጋሪዎች

በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ክርስቲያን ቤተሰብ ሕፃኑ ከቤት ስሙ ሌላ የክርስትና ስም አለው። ወንዱ በ40 ቀኑ፣ ሴቷ በ80 ቀኗ ስትጠመቅ ገብረ፣ ወልደ፣ ኃይለ፣ ወለተ ወይም አመተ በሚል የግእዝ ዘርፍ የተሠራ ስም ይሰጣል። በዚህ ስም የሚናገረው ቤተሰቡ ሳይሆን ቤተ ክርስቲያን ነው፤ አድማጩም እግዚአብሔር ነው። በቀድሞ ዘመን ለጦረኛው የፈረስ ስም ይጨመርለት ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ አባ በዝብዝ ይባሉ እንደ ነበር የታወቀ ነው፤ ሁለቱም ትእዛዝ አንቀጾች ናቸው። ተፈሪ መኮንን በጥቅምት 1923 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ ኃይለ ሥላሴ የተባሉት አዲስ ስም ፈጥረው ሳይሆን የክርስትና ስማቸውን ወደ አደባባይ አውጥተው ነው፤ የፈረስ ስማቸውም አባ ጠቅል ነበር። ቤቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑና የጦር ሜዳው ለአንድ ሰው በየራሳቸው አንደበት ተናግረዋል ማለት ነው።

4. የአባት ስምና የቤተ ዘመድ ስም

በአማርኛ ልማድ ከስም ቀጥሎ የሚመጣው የአባት ስም ነው፤ የትውልድ ሁሉ የጋራ ስም የለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 32 እያንዳንዱ ሰው ከግል ስሙና ከአባቱ ስም ሌላ የቤተ ዘመድ ስም እንዳለው ቢደነግግም ልማዱ አልተለወጠም። በቱርክ ግን እ.ኤ.አ. በ1934 የወጣው የቤተሰብ ስም ሕግ በሥራ ላይ ውሏል፤ ሙስጠፋ ከማል አታቱርክ የተባለው በዚያው ዓመት ነው። አይስላንድ በተቃራኒው እ.ኤ.አ. በ1925 አዲስ የቤተሰብ ስም ማውጣትን በሕግ ከልክላ በአባት ስም መጠራትን አጽንታለች።

የኢትዮጵያ ልማድ ከሌላው ሥርዓት ጋር ሲገናኝ የስሙ ሰዋስው ይፈርሳል። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በታላላቆቹ ዘመቻዎች ወደ እስራኤል ከገቡት ቤተ እስራኤላውያን ብዙዎቹ ሲመዘገቡ የዕብራይስጥ ስም ተሰጥቷቸዋል፤ የአባት ወይም የአያት ስምም የቤተሰብ ስም ሆኖ ጸንቷል። በአሜሪካና በአውሮፓም የአባት ስም ወደ ልጅ ልጅ ይተላለፋል። አንዲት አያት በአንድ የሥጋት ሌሊት ለአንድ ወንድ ልጅ የተናገሩት «አሰጋኸኝ» ለልጅ ልጅ ልጃቸው፣ ለሴቲቱም ጭምር፣ መለያ ይሆናል። የወንድ አንቀጹ እንዳለ ይቀራል፤ የተነገረለት ግን ሌላ ሰው ነው።

5. ስም በልብ ወለድ ውስጥ

የልብ ወለድ ደራሲ የስሙን ተናጋሪ የመምረጥ ነጻነት አለው። በ1958 ዓ.ም. በታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የበዛብህ አባት ቦጋለ መብራቱ ይባላል፤ የልጅና የአባት ስም ተጋጥሞ «መብራቱ ቦገለ» የሚል ዓረፍተ ነገር ይወጣዋል። የእናቱ ስም ውድነሽ በጣሙም እንዲሁ ሲነበብ አድናቆት ነው። በዛብህ ግን ባለቤት የለውም፤ የበዛው ምን እንደሆነ አልተነገረም፣ «ብህ» የሚለው ግን ጫናው በሰውየው ላይ እንደ ወደቀ ያመለክታል። ወላጆቹ ገና በሕፃንነቱ የተሳሉት ስእለት በፍቅር ሕይወቱ ላይ የሚያመጣውን ጣጣ ለሚያስታውስ አንባቢ፣ ስሙም ስእለቱም ሌሎች ሰዎች በእርሱ ላይ የተናገሩት ቃል መሆናቸው ይታየዋል። ካሣ ዳምጤን «ጉዱ ካሣ» ያለው ደግሞ ቤተሰቡ ሳይሆን አካባቢው ነው፤ ለሐዘን ማካካሻ የሚሰጠውን ስም ወደ መሳለቂያ ለውጦታል። የስሙ ተናጋሪ ሲለወጥ የሰውየው ቦታም ይለወጣል።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደታየው የአማርኛ ስም አጭር የቃል ድርሰት ነው። በተለይም ብዙ እናቶችና አያቶች ብዕር ሳይነኩ ያቆዩልን ድርሰት ይኸው ሊሆን ይችላል። ስሙ በመታወቂያና በመዝገብ ላይ ይቆያል፤ ለምን፣ ለማንና መቼ እንደ ተነገረ ግን ሰያሚው ሲሞት አብሮ ይቀበራል። ለኢካቦድ የተደረገው ለአሰጋኸኝ አልተደረገም። ስለሆነም ስም የሚሰበስብ ተማሪ ከስሙና ከፍችው ጎን ሦስት ዐምዶች መጨመር ይገባዋል፦ ማን አወጣው፣ ለማን ተናገረው፣ ቤቱ ያን ጊዜ በምን ላይ ነበር። ሥራው መጀመር ያለበትም በዕድሜ ከገፉት ሰያሚዎች ነው።