ጥርስን በእንቅልፍ ስለ ማፋጨትና ስለ ተተከለ ጥርስ

ልጅ ተኝቶ ጥርሱን ሲያፋጭ እናት «ወስፋት ይዞታል» ትላለች፤ ጎረቤትም ይህንኑ ይላል። ወስፋት ያለበት ልጅ አይጠፋም፤ ነገር ግን ማፋጨቱ ብቻውን የወስፋት ምልክት አይደለም። ስለዚህ በዘመቻ ከሚታደለው መድኃኒት በቀር፣ ዓይነ ምድሩ ሳይመረመር ኮሶም ሆነ ሌላ የሆድ መድኃኒት አይስጡት። አብዛኛው ልጅ የወተት ጥርሱን ጥሎ ቋሚውን ሲያበቅል ይተወዋል።

የአዋቂው ግን ሌላ ነው። እህል ሳይጨመር መጁን በወፍጮው ላይ ቢገፉት ድንጋይ ድንጋይን ይበላል። ጥርስም ምግብ በሌለበት ሌሊቱን ሲፋጭ ጫፉ ያልቃል፣ ይሰነጠቃል፤ ጠዋት መንጋጋና ጆሮ ግንድ ያማል። ጭንቀት፣ መጠጥ፣ ሲጋራ፣ የማታ ቡናም ያብሱታል።

ዛሬ ከተማ ወርደው፣ ወይም ውጭ አገር ያለ ልጅ በላከው ገንዘብ፣ ጥርስ የሚያስተክሉ ሽማግሌዎች አሉ። የሚተከለው ቲታኒየም ከሚባል ብረት የተሠራ ብሎን ነው፤ በመንጋጋ አጥንት ውስጥ ይገባና ጥርሱ በላዩ ይታሰርበታል። በስዊድን አገር ዶክተር ብሮኔማርክ የመጀመሪያውን ሕመምተኛቸውን በዚህ ያከሙት እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። መልካም ነገር ነው፤ ግን ውድ ነው።

የተፈጥሮ ጥርስ ከአጥንቱ ጋራ የተያያዘው በቀጫጭን ጅማት ነው። ውፍረቱ የ1 ሚሊሜትር ሩብ ያህል ቢሆን ነው፤ ሆኖም ሲነክሱ ጥቂት እየሰጠ ሸክሙን ያለዝባል፤ «በዛ» ብሎም ለአንጎል ይናገራል። ብሎኑ ይህ ጅማት የለውም፤ ከአጥንቱ ጋራ አንድ ሆኗል። ስለዚህ የሚያፋጭ ሰው ሳያውቀው ከልክ በላይ ይጭንበታል፤ በተለይ ወደ ጎን የሚገፋው ኃይል ክፉ ነው። የላዩ ጥርስ ይሸረፋል፣ ማሰሪያው ይላላል፣ አልፎ አልፎም ብሎኑ ራሱ ይሰበራል።

እንግዲህ ጥርስ ሊያስተክሉ ሲሄዱ፣ አብሮ የሚተኛው ሰው «ሌሊት ያፋጫሉ» ብሎ ለሐኪሙ ይንገር፤ የሚያፋጨው ራሱ አይሰማውምና። ሐኪሙም ያንን አስቦ ይተክላል፤ ማታ የሚጠለቅ የጥርስ ልባስ በልክ ያሠራል። ልባሱ ማፋጨቱን አያስቀርም፤ ጉዳቱን ይቀንሳል እንጂ። ጠዋት በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃና በብሩሽ ይታጠብ፤ የፈላ ውሃ ያጣምመዋል። ከደረቀ በኋላ በዕቃው ይከደን፤ ውሻ ካገኘው ያኝከዋል።

የተተከለው ጥርስ ቢነቃነቅ፣ ባያምም እንኳ፣ በጣት እየነካኩ ወይም በማጣበቂያ እየለጠፉ አይቆዩ። ቶሎ ከሄዱ የላላውን ብዙ ጊዜ መልሶ ማጥበቅ ይቻላል፤ ከቆየ ግን ማሰሪያው ተሰብሮ ስባሪው ከውስጥ ይቀራል። ሐኪሙ ጋ እስኪደርሱ በዚያ በኩል አያኝኩ።