መግቢያና መደምደሚያ

የአምስተኛ ክፍል ተማሪው የልጅ ልጄ ስለ ቀይ ቀበሮ የጻፈውን ሪፖርት ፒያሳ ቤቴ ድረስ ይዞ መጣ። መግቢያው «ቀይ ቀበሮ የዱር እንስሳ ነው» ይላል፤ መደምደሚያውም ያንኑ ይደግማል።

«ጡረታ ሳልወጣ፣ በነርስነቴ ዘመን፣ በሽተኛ ሲገባ ለምን እንደመጣ፣ ሲወጣ ቤቱ ምን ማድረግ እንዳለበት እንጽፍ ነበር፤ አንተም እንደዚያው አድርግ» አልኩት።

መግቢያውን ቀየረ፦ «ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኘው ቀይ ቀበሮ 500 ገደማ ብቻ ቀርቷል። ለምን?» በመካከሉ ስለ እርሻ መስፋፋትና ከቤት ውሾች ስለሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ጻፈ። መደምደሚያው «ውሾችን ማስከተብ ቀበሮውንም ሰውንም ያድናል» ሆነ።

ከዚያ ቀና ብሎ «እማማ፣ ውሻሽስ ተከትቧል?» አለኝ። ስንቱን ሕፃን ስከትብ የኖርኩት ነርስ መልስ አጣሁ። ቅዳሜ ውሻዬን ይዘን የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ሄድን።