ጳውሎስ በኤፌሶን አልደበቀም፤ አልተሳደበምም

በአዲስ ቅዳም የምትገኝ አንዲት ትንሽ ማኅበረ ምእመናን እንዲያገለግሉ ተመደቡ እንበል። ከተማዋ ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚወስደው የአስፋልት መንገድ ላይ ናት፤ የፋግታ ለኮማ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን ስሟም ቅዳሜን ይዟል። ቤት ተከራይተው ሁለት ወር ሳይሞላዎት ጎረቤትዎ ለቡና ይጠሩዎታል። እኚህ እናት ዕድሜያቸውን ሙሉ የጾሙ፣ ያስቀደሱ፣ ልጆቻቸውን በአርባና በሰማንያ ቀን ክርስትና ያስነሡ ናቸው። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሲቀዳ፣ ቀና ብለው ሳያዩዎት ይጠይቁዎታል፦ «ልጄ፣ እናንተ እመቤታችንን አትወዱም ይባላል፤ እውነት ነው?»

ምን ብለው ይመልሳሉ?

ይህን ጥያቄ በክፍል ውስጥ ሳነሣ ከተማሪዎች ሁለት ዓይነት መልስ አገኛለሁ። አንዳንዱ «ኧረ እናቴ፣ እኛም ያው ነን፤ ልዩነት የለንም» ብሎ ቡናውን ይጠጣል። ሌላው ጢሞቴዎስን ገልጦ የመካከለኛውን ጥቅስ ያነባል፤ ጣዖትና ወግ የሚሉ ቃላት ይከተላሉ፤ በረካው ሳይደርስ ቡናው ያልቃል። የፊተኛው ሐሰት እንደ ሆነ ሁላችንም እናውቃለን። የኋለኛው ግን «በድፍረት መሰከረ» ይባልለታል። እኔ የኋለኛውም ብዙ ጊዜ ሐሰት ነው እላለሁ፤ ምክንያቴን ለማስረዳት ወደ ኤፌሶን ልውሰድዎ።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 19 ሉቃስ ስለ ጳውሎስ አገልግሎት ሁለት ምስክሮችን ያቆማል፤ ሁለቱም አማኞች አይደሉም። የመጀመሪያው የብር ሠሪው ድሜጥሮስ ነው። የእርሱ ክስ ጳውሎስ በኤፌሶን ብቻ ሳይሆን በእስያ ሁሉ ማለት ይቻላል፣ በእጅ የተሠሩ አማልክት አይደሉም እያለ ብዙ ሕዝብ አስረድቶ መልሷል የሚል ነው (ቁ. 26)። ሁለተኛው የከተማይቱ ጸሐፊ ነው። ይህ ሰው ራሱ የአርጤምስን ቤተ መቅደስና ከሰማይ የወረደውን ነገር የሚያከብር ነው (ቁ. 35)። በሺህ በሚቆጠር የተቆጣ ሕዝብ ፊት ቆሞ ግን፣ እነዚህ ሰዎች ቤተ መቅደስ አልዘረፉም፣ አምላካችንንም አልሰደቡም ብሎ ይመሰክራል (ቁ. 37)። የግሪኩ ቃል «ብላስፌሜዎ» ነው፤ ማዋረድን፣ ስም ማጥፋትን፣ መሳደብን ይይዛል።

ሁለቱን አንድ ላይ ያንብቡአቸው። ጳውሎስ በጢራኖስ የትምህርት ቤት ለሁለት ዓመት በየቀኑ ተነጋግሯል (19፥9-10)። በዚህ ሁሉ ጊዜ የጣዖት ነጋዴው እንኳ የጳውሎስን ትምህርት ጠንቅቆ እስኪያውቅ ድረስ ግልጽ ነበር፤ የጣዖቱ ከተማ ሹም ደግሞ በስድብ ሊከሰው እስከማይችል ድረስ የታረመ ነበር። ጸሐፊው ሁከት ለማብረድ ሲል ፖለቲከኛ እንደሚናገረው ተናገረ የሚሉ አሉ። ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ሕዝቡ በጆሮው የሰማው ስድብ ቢኖር ኖሮ ይህን ደፍሮ ሊል አይችልም ነበር፤ ጩኸቱ ይመለስበት ነበር። (በነገራችን ላይ ሉቃስ በቁ. 32 አብዛኛው ሕዝብ ስለ ምን እንደ ተሰበሰበ እንኳ አያውቅም ነበር ይላል። በከተሞቻችን የሃይማኖት ሁከት ያየ ሰው ይህን ቁጥር ሲያነብ ሳይተክዝ አያልፍም።)

እንግዲህ ጳውሎስ ከአርጤምስ አምላኪዎች ጋር እንዲህ ከሆነ፣ በየቅዳሴው ጸሎተ ሃይማኖትን የሚደግም፣ በሥላሴ ስም የተጠመቀ ጎረቤት ያለን እኛ ምን ያህል ልንጠነቀቅ ይገባናል?

አሁን ወደ ሁለተኛው ተማሪ ልመለስ። «ማርያምን ታመልካላችሁ» ሲል ምን አደረገ? የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ለእግዚአብሔር ብቻ የሚገባውን የአምልኮ ስግደት፣ ለእመቤታችንና ለቅዱሳን ከሚቀርበው የጸጋና የአክብሮት ስግደት ለይታ ታስተምራለች። ይህ ልዩነት በቂ ነው ብለው ላይቀበሉ ይችላሉ፤ እኔም አልቀበለውም፤ በምእመናን ሕይወት ውስጥ ድንበሩ ብዙ ጊዜ ይደበዝዛል ብዬ አምናለሁ። ይህን ማለት ሙግት ነው፤ መብታችንም ነው። ልዩነቱ እንደሌለ አድርጎ መናገር ግን ሙግት አይደለም። ዘጸአት 20፥16 በባልንጀራ ላይ በሐሰት መመስከርን ሲከለክል «ባልንጀራህ በሃይማኖት ካልተለየህ ብቻ» አላለም። የጎረቤቴን እምነት ስገልጽ ጎረቤቴ ሰምቶ «አዎ፣ እንዲህ ነው የማምነው» ካላለ፣ የምቃወመው እርሱን ሳይሆን ራሴ የሠራሁትን ምስል ነው።

ይህ ሲደረግብን እንዴት እንደሚቆጠቁጥ እናውቀዋለን። «ጸረ ማርያም» ስንባል ክርስቶስ ከድንግል መወለዱን በየትምህርታችን የምንመሰክር ሰዎች እንቆጣለን፤ መቆጣታችንም ትክክል ነው። ከዚያችው ከኤፌሶን ሳንወጣ፣ እ.ኤ.አ. በ431 የተሰበሰበው ጉባኤ እመቤታችን ወላዲተ አምላክ መባሏን ማጽናቱን በቤተ ክርስቲያን ታሪክ ትምህርት ተምረዋል። የተማሩትን ለጎረቤትዎ ነግረዋቸው ያውቃሉ? ስለ ጾምም እንደዚሁ ነው። «መንግሥተ ሰማያትን በጾም ለመግዛት ነው» ከማለት በፊት ለምን እንደሚጾሙ አንድ ጊዜ መጠየቅ ይበቃል፤ ብዙዎቹ ስለ ንስሓና ሥጋን ስለ ማስገዛት ይነግሩዎታል።

ይህ ጉዳይ በአገራችን ዋጋ የተከፈለበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1830 በእንግሊዙ የቤተ ክርስቲያን የወንጌል ተልእኮ ማኅበር የተላኩት ሳሙኤል ጎባትና ክርስቲያን ኩግለር ወደ ትግራይ ገቡ። ኩግለር በዚያው ዓመት መጨረሻ አድዋ ላይ ሞተ። ጎባት ግን ወደ ጎንደር ዘልቆ፣ አቡ ሩሚ በካይሮ የተረጐመውን የአማርኛ ወንጌል ይዞ ከካህናትና ከሊቃውንት ጋር ተነጋገረ። ወቅቱ ሊቃውንቱ በተዋሕዶ፣ በቅባትና በጸጋ ተከፋፍለው የሚከራከሩበት ነበር፤ ጎጃም ደግሞ የቅባት ዋና መቀመጫ ነበረች። ጎባት ከወገን ሳይቆም ሰው ሲጠይቀው መጽሐፉን ይገልጣል፤ የማይስማማበትንም አይደብቅም። ሰዎች ከእርሱ ጋር ባይስማሙም ደጁን አይርቁም ነበር።

ከእርሱ በኋላ አድዋ ላይ የተቀመጠው ካርል ቪልሄልም ኢዘንበርግ በእውቀት የሚያንስ ሰው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1841 የአማርኛ መዝገበ ቃላት፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ የሰዋስው መጽሐፍ አሳትሟል። ነገር ግን የጾሙንና የእመቤታችንን ክብር ጉዳይ ፊት ለፊት በማጥቃት ካህናቱን አስቆጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1838 በደጃዝማች ውቤ ትእዛዝ ከአገር ወጣ። ለመባረሩ ሌሎች ምክንያቶች አልነበሩም አልልም፤ የፖለቲካ ሁኔታም ነበረበት። ሆኖም ሁለቱም አንድ ዓይነት ትምህርት ይዘው፣ በአንድ አገር፣ በጥቂት ዓመታት ልዩነት ሠርተው ያገኙት አቀባበል እጅግ የተለያየ ነው።

ጎባትን ግን ያለ ጥያቄ አርአያ አላደርገውም። በዘመኑ የነበረው ዕቅድ አዲስ ቤተ ክርስቲያን መትከል ሳይሆን ነባሯን ከውስጥ ማደስ ነበር። ስለዚህ «ከቤተ ክርስቲያናችሁ ላወጣችሁ አልመጣሁም» ማለት ለእርሱ እውነት ሊሆን ይችላል። የራሱ አጥቢያ፣ የራሱ ጥምቀትና የአባላት መዝገብ ያለው መጋቢ ያንኑ ቃል ቢናገር ግን ውሸት ነው። ማንነቱን ሰውሮ፣ ነጠላ አጣፍቶ፣ በሰንበት ትምህርት ቤት ውስጥ ተሰልፎ የሌላውን መንጋ የሚያስኮበልል ሰው ምንም ስድብ ላይናገር ይችላል። ጳውሎስ በ2ኛ ቆሮንቶስ 4፥2 የተወው የተሰወረ አሳፋሪ ነገርና የተንኰል አካሄድ ግን ይህ ነው። ጨዋነት የሽንገላ መሸፈኛ ሲሆን ኤፌሶን ላይ ከነበሩት ሁለት ምስክሮች አንዱን አጥተናል።

የመደበቅ ልማድ ከየት እንደ መጣ አውቃለሁ። በ1936 ዓ.ም. የወጣው የሚሲዮኖች ድንጋጌ አገሩን ክፍት ስፍራና የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ስፍራ ብሎ ሲከፍል ጎጃም ከሁለተኛው ተቆጠረች፤ በዚያ ሚሲዮኖች ሰውን ወደ ራሳቸው እምነት ማስገባት አይፈቀድላቸውም ነበር። በደርግ ዘመን ደግሞ አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተው አባቶቻችን በየቤቱ በሹክሹክታ ጸለዩ። ስደት ሲመጣ መሸሸግ ኃጢአት አይደለም፤ ጳውሎስም በቅርጫት ወርዷል። ከአሳዳጅ መሸሸግና ቡና የሚያጠጣዎትን ጎረቤት ማታለል ግን አንድ አይደሉም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 እምነትን በግልጽ የመያዝና የማስተማር መብት ሰጥቶናል። ያው አንቀጽ ወላጆች ልጆቻቸውን በእምነታቸው የማሳደግ መብት እንዳላቸውም ይናገራል፤ በማጠናከሪያ ትምህርት ስም የጎረቤትን ሕፃናት ሰብስበን ወላጅ ሳያውቅ የምናስተምር ከሆነ ይህን ክፍል ደግመን እናንብበው።

የጎረቤትዎም ጥርጣሬ የራሱ ታሪክ አለው። ከአዊ ምድር ብዙም በማይርቀው በግሽ ዓባይ፣ ኢየሱሳዊው ካህን ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618 የዓባይን ምንጭ አይቷል። ፓኤዝ ቋንቋ አዋቂ፣ ትዕግሥተኛና በቤተ መንግሥት የተወደደ ሰው ነበር። እርሱ ከሞተ በኋላ የመጣው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ግን የሕዝቡን ጥምቀትና ክህነት እንደ ሌለ ቆጠረ፤ ዳግም መጠመቅና ዳግም መካን እንዲሆን አዘዘ፤ በዐፄ ሱስንዮስ ሥልጣን ታግዞም ሥርዓቱን ለወጠ። የፈሰሰው ደም ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1632 ንጉሡ ራሱ የአባቶችን ሃይማኖት መለሰ፤ ልጁ ፋሲለደስም ኢየሱሳውያኑን አስወጣ። «የእናንተ ጥምቀት ጥምቀት አይደለም» የሚለው ቃል በዚህ አገር ጆሮ ውስጥ ምን እንደሚያስተጋባ ሳያውቁ የዳግም ጥምቀት ትምህርት ለማስተማር አይቸኩሉ።

«ታዲያ ስለ ፍርድ ዝም እንበል?» ይሉኝ ይሆናል። አይደለም። ጳውሎስ በአቴና እግዚአብሔር ዓለምን የሚፈርድበትን ቀን እንደ ቀጠረ ተናግሯል (17፥31)። ነገር ግን ፈራጁ ሌላ እንደ ሆነ ነው የተናገረው፤ የችሎቱን ወንበር ራሱ አልያዘውም። 1ኛ ቆሮንቶስ 4፥5 እና 5፥12 የሚያስጠነቅቁን ይህንኑ ነው። «ሁላችንም በክርስቶስ ፊት እንቆማለን» ማለት ወንጌል ነው፤ «አባትህ ሲኦል ናቸው» ማለት ግን ያልተሰጠንን ዙፋን መቀማት ነው። በተለይ በለቅሶ ቤት። በብዙ ቦታ የመቃብር ስፍራ ማጣት የእኛ ሰዎች ቁስል ነው፤ ዕድርተኛው ሬሳችንን ቢሸከምልን ደስታችን ትልቅ ነው። በእነርሱ ሬሳ ላይ ምን እንደምንናገርም ያስታውሳሉ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን መድረክዎን ይፈትሹ። በቡና ላይ ትሑት የሆነ መጋቢ እሑድ ዕለት ማይክ ሲይዝ ሌላ ሰው ይሆናል። አዲስ አማኝ ምስክርነት ሲሰጥ የቀድሞ ካህኑን እያስመሰለ ሲቀልድ ጉባኤው በሳቅና በእልልታ ይቀበለዋል፤ የድምፅ ማጉያው ደግሞ በአጥሩ ላይ ወደ ጎረቤት ግቢ ዞሯል። እኔም በወጣትነቴ እንዲህ ካለው ሳቅ ጋር ስቄያለሁ። እኚያ እናት ስለ እኛ የሚያውቁት ከዚያ የሰሙትን ነው። 1ኛ ጴጥሮስ 3፥15-16 ስለ ተስፋችን መልስ ስንሰጥ በየዋህነትና በፍርሃት እንድንሰጥ ሲያዝ፣ ለጠያቂው ብቻ ሳይሆን አጥር ዘልሎ ለሚሰማውም ነው። ምስክርነት የሚሰጠውን ሰው አስቀድመው ያነጋግሩት፤ ክርስቶስ ያደረገለትን እንዲናገር፣ የተወውን ግን እንዳያዋርድ ይምከሩት።

እንግዲህ ቶናው ተቀድቷል፤ ጥያቄውም መልስ ይጠብቃል። እኔ ብሆን እንዲህ ለማለት እሞክራለሁ፦

«እናቴ፣ ጌታችንን የወለደችውን እንዴት እንጠላለን? ድንግል እንደ ሆነች እናምናለን፤ ትውልድ ሁሉ ብፅዕት እንዲላት በሉቃስ ወንጌል ተጽፏልና እኛም እንላታለን። የምንለያይበት ነገር ግን አለ፤ ልደብቅዎ አልፈልግም። እኛ ወደ እርሷ አንጸልይም፤ ምልጃዋንም አንለምንም። ልጇ ሕያው ሆኖ ስለ እኛ ሁልጊዜ በአብ ፊት ይቆማል፣ እርሱም ይበቃናል ብለን ስለምናምን ነው። እርስዎስ ወደ እርሷ ሲጸልዩ ምን ብለው ይለምኗታል? ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።»

ቅር ሊላቸው ይችላል። በረካው በዝምታ ሊቀዳ፣ በሚቀጥለው ሳምንትም ላይጠሩዎት ይችላሉ። ወይም ስለ ሞተች ልጃቸው፣ ያን ሌሊት እመቤታችንን ስለ ለመኑት ነገር ያወሩዎት ይሆናል፤ ያኔ ዝም ብለው ያዳምጡ፤ ጥቅስ አይፈልጉ። በማግስቱ ለንስሓ አባታቸው ሲነግሯቸውም የሚነግሯቸው ከአፍዎ የሰሙትን ነው፤ ቄሱም ከእርስዎ ጋር በመንገድ ሲገናኙ የሚሟገቱት እርስዎ በትክክል ካመኑት ነገር ጋር ይሆናል።