ድረ ገጽ ሰው ያስሮጣል?

“ሰውን ከወንበር ጋር ያጣበቀው ስክሪን ነው፤ ተመልሶ እሱው ሊያስነሣው?” የሚል ክርክር ይሰማል። ልክ ይመስላል፤ ግን ስክሪኑ ላይ ያለው ነገር ይለያያል።

እ.ኤ.አ. በ1996 ጆሽ ክላርክ የተባለ አሜሪካዊ እናቱንና እንደ እሷ ሮጠው የማያውቁ ሰዎችን አስቦ፣ ከሶፋ ተነሥቶ 5 ኪሎ ሜትር ለመሮጥ የሚያበቃ የዘጠኝ ሳምንት ዕቅድ አወጣና ድረ ገጹ ላይ ለጠፈው። የመጀመሪያው ቀን ልምምድ እንዲህ ነው፦ 5 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ፣ ከዚያ 60 ሰከንድ ሶምሶማና 90 ሰከንድ እርምጃ እያፈራረቁ 20 ደቂቃ። በሳምንት ሦስት ቀን፤ በቃ። ዕቅዱ ኋላ የብሪታንያ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ሳይቀር ተቀብሎ ለሕዝቡ ያሰራጨው ሆነ።

ብልሃቱ ያለው እዚያች 60 ሰከንድ ላይ ይመስለኛል። ለዓመታት የተቀመጠ ሰው አንድ ጠዋት ወኔ ይመጣበትና ጃንሜዳን በሩጫ ሊዞር ይነሣል። በማግስቱ ደረጃ መውረድ ያቅተዋል። “ስፖርት ለእኔ አይሆንም” ብሎ ፈርዶ ይተዋል። የጎደለው ወኔ ሳይሆን “ዛሬ ይህን ያህል ይበቃሃል” የሚል ነው።

ሌላው ተረት “እንዲህ ያሉ ድረ ገጾች የሚጠቅሙት ድሮም ስፖርት ለሚሠሩት ነው” የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ አንድ ትንተና 34 ጥናቶችን አሰባስቦ ሲመረምር ያገኘው ተቃራኒውን ነው፦ በኢንተርኔት የሚሰጥ ማበረታቻ በጥቅሉ ያመጣው ለውጥ ትንሽ ቢሆንም፣ እንቅስቃሴ የሌላቸውን ሰዎች መርጠው ባሳተፉ ጥናቶች ላይ ግን ጎላ ብሎ ታይቷል። አያስገርምም፤ በየጠዋቱ የሚሮጥ ሰው ምን ይጨምራል? ተአምር የሚጠብቅ ግን ያዝናል። አብዛኛው ተመዝጋቢ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ብቅ ማለቱን ይተዋል። ስለ ስፖርት ጥቅም ማንበብም ብቻውን እግር አያነሣም። የተሻለ የሚሠራው ሰው የራሱን ግብ ጽፎ፣ የሠራውን በየቀኑ ሲመዘግብና የሚከታተለው ሲኖር ነው።

“በቀን 10,000 እርምጃ ካልሞላ ዋጋ የለውም” የሚለውስ? ቁጥሩ የመጣው ከሐኪም ሳይሆን ከገበያ ነው። የቶኪዮ ኦሎምፒክ በተካሄደ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1965፣ አንድ የጃፓን ኩባንያ የእርምጃ መቁጠሪያ ሲሸጥ የተጠቀመበት ነው። በአውስትራሊያዋ ሮክሃምፕተን እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረውና ሰዎች እርምጃቸውን በድረ ገጽ የሚመዘግቡበት መርሐ ግብርም ስሙን ከዚሁ ቁጥር ወስዷል። ለመመዝገብ የሚመች ድፍን ቁጥር መሆኑን አልክድም። ግን በአማካይ 72 ዓመት የሆናቸው አሜሪካውያን ሴቶች የተካተቱበትና እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት፣ በቀን 4,400 ያህል በሚራመዱት ዘንድ የሞት መጠን 2,700 ያህል ከሚራመዱት ያነሰ መሆኑን አሳይቷል፤ ልዩነቱም የእርምጃው ቁጥር 7,500 አካባቢ ሲደርስ መስፋቱን አቁሟል። ጀማሪን “10,000 ካልሞላህ ዋጋ የለውም” የሚል ገጽ ገና በሳምንቱ ያባርረዋል።

“ቢያንስ 10 ደቂቃ ሳይቋረጥ ካልሆነ አይቆጠርም” የሚለው ደግሞ ጊዜው አልፎበታል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ይህን ገደብ ትቶታል፤ ለአዋቂ የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው፣ ተቆራርጦም ቢሆን። ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድሞ ወርዶ ፈጠን ብሎ መራመድም ይቆጠራል። የልብ ሕመም ያለበት ወይም ሲንቀሳቀስ ደረቱን የሚያመው ሰው ግን ከየትኛውም ድረ ገጽ በፊት ሐኪሙን ያማክር።