የአምስት ወር ሊግ፦ የአይስላንድ ከፍተኛ ዲቪዚዮን ታሪክ

የአይስላንድ የመጀመሪያው የእግር ኳስ ሻምፒዮና የተካሄደው በ1912 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ተወዳዳሪዎቹ ሦስት ብቻ ነበሩ፤ ዛሬ ኬአር የሚባለው የሬይኪያቪክ እግር ኳስ ክለብ፣ የዚያው ከተማ ፍራም፣ ሦስተኛው ደግሞ ከደቡቡ ጠረፍ ባሻገር ካሉት ከቬስትማናያር ደሴቶች የመጣ ቡድን። ዋንጫው ለኬአር ሆነ። አገሪቱ በዚያን ጊዜ በዴንማርክ ዘውድ ሥር ነበረች፤ ጠቅላላ ሕዝቧም ከ85 ሺህ ብዙ አይበልጥም ነበር። ኳሱን ወደ ደሴቲቱ እንዳመጣ የሚነገርለት ጄምስ ፈርጉሰን የተባለ ስኮትላንዳዊ አታሚ ነው፤ ጊዜው 1895 ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ኬአር ተመሠረተ። በ1911 ደግሞ በሬይኪያቪክ ሜላቮሉር የተባለው የጠጠር ሜዳ ተከፈተ፤ ሻምፒዮናው በቀጣዩ ዓመት መጀመሩ ያለ ምክንያት አይደለም።

አጀማመሩ ግን እጅግ የሳሳ ነበር። በ1913 እና በ1914 ከፍራም በቀር የተመዘገበ ቡድን ስላልነበረ ክለቡ አንድም ተጋጣሚ ሳይገጥመው ሻምፒዮን ተባለ። ፍራም እስከ 1918 ያለማቋረጥ ዋንጫውን ሲወስድ፣ የዛሬዋን አይስላንድ ካርታ የሚያውቅ ሰው የሚጠብቀው ዓይነት ፉክክር አልነበረም። ከሬይኪያቪክ ውጪ ያለ ቡድን ለመወዳደር በመርከብ ወይም በአስቸጋሪ መንገድ ተጉዞ ወደ ዋና ከተማዋ መምጣት ነበረበት። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት ዋንጫው በአራት የከተማዋ ክለቦች መካከል ብቻ ዞረ፤ ኬአር፣ ፍራም፣ ቪኪንጉር እና ቫሉር። ቫሉር በ1911 በወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር ውስጥ በቄስ ፍሪድሪክ ፍሪድሪክሶን ጥላ ሥር የተቋቋመ ነው። የመጀመሪያ ዋንጫውን በ1930 ካገኘ በኋላ በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ ከሌሎቹ ሁሉ የበለጠ ዋንጫ ወሰደ።

ከርቀቱ የባሰው ግን የወቅቱ ማጠር ነው፤ የሊጉ ታሪክ ከዚህ ተነጥሎ አይገባም። በአይስላንድ ከኅዳር እስከ ጥር ፀሐይ የምትታየው ለጥቂት ሰዓታት ነው፤ ሣሩ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ አያገግምም፤ ንፋሱ ኳስን ከተመታችበት አቅጣጫ ያስታል። በአብዛኛው አውሮፓ ሊጉ ሲያርፍ የአይስላንድ ሊግ ይጫወታል፣ ሌላው ሲጫወት እሱ ያርፋል። ውድድሩ ለረጅም ዘመን ከግንቦት እስከ መስከረም ባሉት አምስት ወራት ተወስኖ ቆይቷል። ቀሪውን ጊዜ ተጫዋቾቹ በጠጠር ላይ እየሮጡ ወይም ለእጅ ኳስ በተሠራ አዳራሽ ውስጥ እየተለማመዱ ያሳልፉት ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ የተደረጉት ማሻሻያዎች፣ የሜዳውም የደንቡም የገንዘቡም፣ አብዛኞቹ ይህን አምስት ወር ለማስረዘም የተደረጉ ናቸው ቢባል ስህተት አይሆንም።

የአይስላንድ እግር ኳስ ፌዴሬሽን በ1947 ተቋቋመ። አራት ዓመት ቆይቶ፣ በ1951፣ የሬይኪያቪክ ብቸኛ ገዥነት አበቃ። ዋንጫውን የወሰደው ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ያለችው የዓሣ አጥማጆች ከተማ የአክራኔስ ክለብ ነበር። ለዚህ ድል ከማንም በላይ የሚጠቀሰው ሪካርዱር ዮንሶን ነው፤ በሬይኪያቪክ ለፍራም ሲጫወት ቆይቶ ወደ ትውልድ ከተማው የተመለሰ አጥቂ ሲሆን፣ ቡድኑን እያሠለጠነ ራሱም ይጫወት ነበር። በዚያው ዓመት ሰኔ አይስላንድ ስዊድንን 4 ለ 3 ስታሸንፍ አራቱንም ግቦች ያስቆጠረው እሱ ነው። አክራኔስ ከ1951 እስከ 1960 ባሉት ዓመታት ስድስት ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ። የጥቂት ሺህ ሰዎች መኖሪያ የሆነች ወደብ ዋና ከተማዋን ደጋግማ ማሸነፏ የሌሎቹን ከተሞች ዓይን ከፈተ፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ የለውጥ ነጥብ ማግኘት ይከብዳል።

ደንቡም ከዚሁ ጋር ተለወጠ። በ1955 ሁለተኛ ዲቪዚዮን ተቋቁሞ መውጣትና መውረድ ተጀመረ። በ1959 ሊጉ ደርሶ መልስ ሆነ። ኬፍላቪክ በ1964 የመጀመሪያ ዋንጫውን ሲያነሳ፣ ከሬይኪያቪክ ውጪ ሁለተኛ ኃይል መፈጠሩ ታየ።

የአውሮፓ ውድድር በር የተከፈተው በዚያው በ1964 ነው። ኬአር በሻምፒዮኖች ዋንጫ ከሊቨርፑል ጋር ተመደበ። ነሐሴ 17 ቀን በሬይኪያቪክ የተደረገው ጨዋታ ለሊቨርፑልም በአውሮፓ መድረክ የመጀመሪያው ነበር፤ እንግሊዛውያኑ 5 ለ 0 አሸነፉ። በመልሱ ውጤቱ 6 ለ 1 ሆነ። ከአራት ዓመት በኋላ ቫሉር የዩሴቢዮን ቤንፊካ ሲያስተናግድ ከ18 ሺህ በላይ ሰው በላውጋርዳልስቮሉር ስታዲየም ተገኘ፤ ይህም የአገሪቱን ሕዝብ አንድ አሥረኛ ሊያክል ጥቂት የሚቀረው ነው። ጨዋታው ያለ ግብ ተጠናቀቀ። በሊዝበን 8 ለ 1 መሸነፋቸው የዚያን ምሽት 0 ለ 0 ክብር አልቀነሰውም።

ጥር 23 ቀን 1973 ሌሊት በቬስትማናያር ደሴቶች ትልቋ በሆነችው በሄይማይ ላይ መሬት ተሰንጥቆ እሳተ ገሞራ ፈነዳ። ከ5 ሺህ በላይ የሆኑት ነዋሪዎች በዓሣ አጥማጅ ጀልባዎች ወደ ዋናው ምድር ተወሰዱ፤ በርካታ መቶ ቤቶች በቅልጥ አለትና በአመድ ተዋጡ። ፍንዳታው እስከ ሐምሌ ቀጠለ። የደሴቶቹ ክለብ ኢቢቪ ግን ሰዎቹ በየቦታው ተበትነው፣ ሜዳው አመድ ለብሶ ሳለ በዚያ ዓመት ሊግ ተሳትፏል። በዚያው 1973 ክለቡ ያሳደገው የ18 ዓመቱ አስጌር ሲጉርቪንሶን ወደ ቤልጂየሙ ስታንዳርድ ሊዬዥ ተዛወረ፤ በኋላም በ1984 ከሽቱትጋርት ጋር የጀርመን ሻምፒዮን ሆኗል። ነዋሪዎቹ ተመልሰው ከተማቸውን ካጸዱ በኋላ፣ ከፍንዳታው በስድስተኛው ዓመት፣ በ1979 ኢቢቪ የመጀመሪያውን ዋንጫ ወሰደ። የሊጉን መንፈስ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለም።

የአስጌር መንገድ የሊጉን ቀጣይ ባሕርይ ወሰነ። ከእሱ በፊት የቫሉሩ አልበርት ጉድሙንድሶን በስኮትላንድ፣ በፈረንሳይና በጣሊያን ተጫውቶ ነበር፤ ተመልሶም የፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንትና የገንዘብ ሚኒስትር ሆኗል። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ግን መውጣቱ የጥቂቶች ዕድል መሆኑ ቀርቶ የየዓመቱ ልማድ ሆነ። አይዱር ጉድዮንሰን በ1994 በቫሉር ማሊያ ሊጉን ሲጀምር ገና 15 ዓመቱ ነበር፤ ወዲያው ወደ ፒኤስቪ ሄደ፣ ኋላም በቼልሲና በባርሴሎና ተጫወተ። ጎበዝ አጥቂ በሊጉ ብዙ ስለማይቆይ የግብ ክብረ ወሰኑም ለመሻሻል አስቸግሮ ኖሯል። በአንድ የውድድር ዘመን 19 ግብ በመጀመሪያ ያስቆጠረው በ1978 የአክራኔሱ ፔቱር ፔቱርሶን ነው። እስከ 2017 ድረስ ሌሎች አራት ተጫዋቾች ደርሰውበታል፣ ያለፈው ግን የለም።

አክራኔስ ከ1992 እስከ 1996 ዋንጫውን አምስት ጊዜ በተከታታይ አነሳ። ኬአር ከ1968 በኋላ ለ31 ዓመት ሲናፍቀው የቆየውን ዋንጫ ያገኘው ደግሞ መቶኛ ዓመቱን ባከበረበት በ1999 ነበር።

ወሳኙ ለውጥ የመጣው ከሜዳው ውጪ ነው። በ2000 በኬፍላቪክ አካባቢ ሬይክያኔስሆል የተባለው ሙሉ የእግር ኳስ ሜዳ የያዘ ጣሪያ ያለው አዳራሽ ተከፈተ። በሬይኪያቪክ፣ በኮፓቮጉር፣ በአኩሬይሪና በአክራኔስ ተመሳሳዮቹ ተከተሉ። ገንዘቡን ያወጡት በአብዛኛው የከተማ አስተዳደሮች ሲሆኑ፣ አዳራሾቹን የሚጠቀሙባቸው የየአካባቢው ክለቦች ናቸው። በየትምህርት ቤቱ አጠገብም ሰው ሠራሽ ሣር የለበሱ ትናንሽ ሜዳዎች ተሠሩ። ፌዴሬሽኑ በበኩሉ የአሰልጣኞችን የአውሮፓ ፈቃድ ኮርስ አስፋፋ፤ የስድስትና የሰባት ዓመት ሕፃን የሚያሠለጥነው ሰው ሳይቀር ደመወዝ የሚከፈለውና የተማረ ሆነ። በሣር ላይ የሚደረግ ልምምድ ከአምስት ወር ወደ አሥራ ሁለት ወር አደገ። በ2016 በአውሮፓ ዋንጫ እንግሊዝን 2 ለ 1 አሸንፎ ያሰናበተው፣ በ2018 የዓለም ዋንጫም ከአርጀንቲና ጋር 1 ለ 1 የተለያየው የብሔራዊ ቡድን ትውልድ የወጣው ከዚህ ሥርዓት ነው። ይሁን እንጂ በ2018 ወደ ሩሲያ ከተጓዙት 23 ተጫዋቾች በአገር ውስጥ ሊግ የሚጫወተው አንድ ብቻ ነበር፤ የቫሉሩ ተከላካይ ቢርኪር ማር ሴቫርሶን።

በእነዚሁ ዓመታት ገንዘብም ሊጉን ነክቶታል። ከ2003 ጀምሮ የሊጉ ስያሜ በላንድስባንኪ ባንክ ስም ነበር። የ2008 ውድድር በኤፍኤች ክለብ ድል ከተጠናቀቀ ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ በጥቅምት መጀመሪያ፣ የአገሪቱ ሦስት ታላላቅ ባንኮች ተራ በተራ ወደቁ፤ ስም ሰጪው ባንክ ከእነሱ አንዱ ነው። የአገሪቱ ገንዘብ ክሮና ሲረክስ ለውጭ ተጫዋች መክፈል ከባድ ሆነ፤ ክለቦቹም በአዳራሽ ያደጉትን ልጆቻቸውን አሰለፉ። በ2010 ብሬይዳብሊክ የተባለው ክለብ በወጣቶች ተገንብቶ የመጀመሪያ ዋንጫውን ሲወስድ የዚህ ምርጫ ፍሬ ታየ። የሊጉ ውበት በጉልህ የታየበት ጨዋታ ግን የ2014 የመጨረሻ ቀን ጨዋታ ነው። ኤፍኤችና ስትያርናን ሁለቱም ሳይሸነፉ ተገናኙ፤ ለኤፍኤች አቻ ይበቃው ነበር። ስትያርናን በተጋጣሚው ሜዳ 2 ለ 1 አሸንፎ፣ ያለ ሽንፈት የመጀመሪያውን ዋንጫ ወሰደ።

የ2020 ውድድር በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት አራት ዙር ሲቀረው ተቋርጦ ቫሉር ሻምፒዮን ተባለ። በ2022 ደግሞ የሊጉ አወቃቀር ተለወጠ። አሥራ ሁለቱ ክለቦች 22 ጨዋታ ካደረጉ በኋላ ለሁለት ይከፈላሉ፤ የላይኞቹ ስድስት ለዋንጫ፣ የታችኞቹ ስድስት ላለመውረድ አምስት አምስት ጨዋታ ይጨምራሉ። ውድድሩ በሚያዝያ ተጀምሮ በጥቅምት መጨረሻ ያበቃል። በ2024 ብሬይዳብሊክና ቪኪንጉር እኩል ነጥብ ይዘው በመጨረሻው ቀን ተገናኙ፤ ብሬይዳብሊክ 3 ለ 0 አሸነፈ።

ወቅቱ ሲረዝም ሌላ ችግር ተከተለ። ብሬይዳብሊክ በ2023 በአውሮፓ ውድድር ምድብ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የአይስላንድ የወንዶች ክለብ ሆነ፤ ስድስቱንም ጨዋታ ተሸነፈ። ቪኪንጉር በ2024 በኮንፈረንስ ሊግ የቤልጂየሙን ሰርክል ብሩዥ 3 ለ 1 አሸንፎ ጥሎ ማለፍ ደረሰ። ሆኖም የራሱ ሜዳ መስፈርቱን ስለማያሟላ በተቀናቃኙ በብሬይዳብሊክ ስታዲየም፣ መብራቱ በቂ ስላልነበረም በቀን ብርሃን መጫወት ግድ ሆነበት። በየካቲት 2025 ፓናቲናይኮስን «በሜዳው» 2 ለ 1 ያሸነፈው ፊንላንድ ውስጥ፣ በሄልሲንኪ ነበር። በአቴንስ 2 ለ 0 ተሸንፎ በድምር 3 ለ 2 ወደቀ። በዚያው ጊዜ በላውጋርዳልስቮሉር አሮጌው ሣር ተነሥቶ ከሥሩ ማሞቂያ ያለው አዲስ ሜዳ እየተሠራ ነበር፤ ሥራው በ2025 ተጠናቀቀ። የዚያ ዓመት የሊግ ዋንጫ ለስምንተኛ ጊዜ ለቪኪንጉር ሲሆን፣ ብሬይዳብሊክም በኮንፈረንስ ሊግ እንደገና ከብርዱ ወራት ጋር ተፋጠጠ።