«የዓይን ሰው» እና «የቃል ሰው»፦ የፍቅር ታሪክ በሥዕል ወይስ በጽሑፍ?

በፍቅር ታሪክ ወዳጆች ዘንድ ያላለቀ ጭቅጭቅ አለ። አንዷ በሥዕል ከሚተረኩት ከማንጋና ከዌብቱን ውጭ አትነካም፤ ሌላው ሥዕል ያለበትን ሁሉ የልጆች ነገር ይለዋል። ለምን ሲባሉ ግን መልሳቸው አንድ ዓይነት ነው፦ «እኔ በዓይን ነው የሚገባኝ»፣ «እኔ ደግሞ በቃል»።

አነጋገሩ የመጣው ከትምህርት ቤት ነው። የኒውዚላንዱ የትምህርት ባለሙያ ኒል ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1992 ተማሪዎችን በማየት፣ በመስማት፣ በማንበብና በመጻፍ፣ በተግባርም የሚማሩ ብሎ በአራት የሚከፍል መጠይቅ አስተዋወቀ። አከፋፋዩ እሱ ብቻ አልነበረም፤ በ2004 ብሪታንያ ውስጥ የወጣ ጥናት 71 የመማር ስልት ሞዴሎችን ለይቷል። የቁጥሩ ብዛት ራሱ ሐሳቡን ያጠራጥራል። በ2008 ሃሮልድ ፓሽለርና ሦስት ባልደረቦቹ ማስረጃውን መረመሩ። ሰው የሚወደው መንገድ እንዳለው አልካዱም። ያጡት፣ ትምህርቱ ከተማሪው ስልት ጋር ሲገጥም ውጤቱ ይሻላል የሚለውን የሚያረጋግጥ በቂ ማስረጃ ነው።

ይህ ምርመራ ስለ መማር እንጂ ስለ መደሰት አይደለም። በሥዕል የሚደሰተውን ተሳስተሃል የሚለው የለም። ግን ደስታው «የዓይን ሰው» ሆኖ ከመፈጠር የመጣ ነው? አይመስለኝም።

የፍቅር ኮሚክን ራሱን እንየው። አሜሪካ ውስጥ ጆ ሳይመንና ጃክ ከርቢ በ1947 «ያንግ ሮማንስ»ን አወጡ፤ የ1954ቱ የኮሚክስ ደንብ ግን ልጓም አስገባለት። የጃፓን የልጃገረዶች ማንጋ ራቅ ብሎ ሄደ። በ1972 መውጣት በጀመረው የሪዮኮ ኢኬዳ «የቬርሳይ ጽጌረዳ» እና በመሰሎቹ ውስጥ ዓይን ይተልቃል፣ ከፊት ጀርባ አበባ ይፈነዳል፣ ልብ ሲደነግጥ የሥዕሉ ክፈፍ ይጠፋል። ገጹም ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚነበበው። አዲስ አንባቢ «አበባው ከየት መጣ?» ይላል። የለመደች ግን አበባ ሳይሆን የልጅቷን ልብ ታነባለች። የኮሚክ ተመራማሪው ኒል ኮን፣ ሥዕል ማንበብም እንደ ቋንቋ በልምድ የሚገኝ ችሎታ ነው የሚለው ለዚህ ነው።

ከልምድ ሌላ፣ ሰው ከሰው በእርግጥ የሚለይበት ነገርም አለ፦ ምናብ። የነርቭ ሐኪሙ አዳም ዜማን በ2015 «አፋንታሲያ» ብሎ የሰየመው ሁኔታ ያለባቸው ሰዎች ዓይናቸውን ጨፍነው የሚወዱትን ሰው ፊት በሐሳባቸው ማየት አይችሉም። ለእንዲህ ያለ አንባቢ የቆንጆዋን መልክ የሚዘረዝር ሁለት ገጽ ባዶ ወሬ ሊሆንበት ይችላል፤ የምታወጣው የምታወርደው ሐሳብ ግን ሊይዘው ይችላል። ምናቡ ጥርት ያለው ደግሞ የሠዓሊው ፊት እሱ ካሰበው ጋር አልገጥም ሲለው ይናደድ ይሆናል። ይህ እንግዲህ የመማር ስልት አይደለም።

ታሪክን ለመውደድ የዓይን ወይም የቃል ሰው ሆኖ መፈጠር እንደማያስፈልግ ለእኛ ቅርቡ ምስክር «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን መጽሐፍ ውጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው፣ መጽሐፉን ያነበበውም ፊደል ያልቆጠረውም ፍቅረኞቹን በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ተከተለ። ያኔ «የጆሮ ሰው ነህ ወይ?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ስለዚህ ኮሚክ አልጥምዎ ካለ፣ «እኔ የዓይን ሰው አይደለሁም» ከማለትዎ በፊት አንድ ሙሉ ቅጽ ይጨርሱ። ሁለተኛውን ሲጀምሩ አበባው ከየት እንደመጣ አይጠይቁ ይሆናል።