አያክስ እና ባየርን ሙኒክ፦ ተረትና እውነታ

ከ1971 እስከ 1976 (እ.ኤ.አ.) የአውሮፓ ሻምፒዮን ክለቦች ዋንጫ ከሁለት ክለቦች እጅ አልወጣም። የአምስተርዳሙ አያክስ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዋንጫዎች፣ የጀርመኑ ባየርን ሙኒክ ቀጣዮቹን ሦስት በተከታታይ ወሰዱ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ በተነጻጸሩ ቁጥር አያክስ ለማጥቃት ብቻ የተፈጠረ የጥበበኞች ስብስብ፣ ባየርን ደግሞ እንደ ማሽን የሚሠራ ስሜት የለሽ ቡድን ነበር ይባላል። ውጤታቸው የሚመሰክረው ግን ሌላ ነው።

ሁለቱም በየአገራቸው ሊግ 34 ጨዋታ ያደረጉበትን የ1971/72 የውድድር ዘመን መመልከት ይበቃል። አያክስ 104 ግብ አስቆጥሮ 20 ብቻ ተቆጠረበት። ባየርን 101 አስቆጥሮ 38 ገባበት። መከላከል አያውቅም የሚባለው ቡድን የተቆጠረበት ግብ ማሽን ከሚባለው በግማሽ ገደማ ያነሰ ነበር። አያክስ ባሸነፋቸው ሦስት ፍጻሜዎችም መረቡ አንድ ጊዜ እንኳ አልተደፈረም፤ ፓናቲናይኮስን 2 ለ 0፣ ኢንተርን 2 ለ 0፣ ጁቬንቱስን 1 ለ 0 ረታ። ምስጢሩ ያለው «ቶታል ፉትቦል» በሚባለው አጨዋወት ውስጥ ነው። ተከላካዮቹ እስከ መሀል ሜዳ ድረስ ይጠጋሉ፤ ኳስ ሲነጠቅ አጥቂዎቹ ራሳቸው ወዲያው ያሳድዳሉ፤ ሜዳው ይጠብና ተጋጣሚ ወይ ኳሱን ይለቃል ወይ ከጨዋታ ውጪ ሆኖ ይያዛል። ከተከላካዮቹ ሱርቢየር ወይም ክሮል በመስመር ወደፊት ሲሄድ የተወውን ቦታ ሌላው ይሸፍናል። ጥበቡ የቆመው በሳንባና በሥርዓት ላይ ነበር። ይህን የኋላ ክፍል ካደራጁት አንዱ ከፓርቲዛን ቤልግሬድ የመጣው ዩጎዝላቪያዊ ቬሊቦር ቫሶቪች ሲሆን፣ በ1971ዱ ፍጻሜ የቡድኑ አምበል ነበር። የቡድኑን ኮከብ ክሩይፍን የሚያስታውሱ ብዙዎች ቫሶቪችን ይረሱታል።

ይህ ሁሉ የአሰልጣኝ ሪነስ ሚኬልስ ብቸኛ ሥራ ነው የሚለውም ሙሉ አይደለም። ሚኬልስ በ1971 ወደ ባርሴሎና ስለሄዱ የቀሩት ሁለት ዋንጫዎች የመጡት በሮማኒያዊው ስቴፋን ኮቫች ዘመን ነው። ክሩይፍን በ1964 ለመጀመሪያ ጊዜ በዋናው ቡድን ያሰለፉትም እንግሊዛዊው ቪክ ቤኪንግሃም ናቸው።

ባየርን ከጥንት ጀምሮ ሀብታምና ኃያል ነበር የሚለው ተረት ደግሞ ለማፍረስ ቀላል ነው። ቡንደስሊጋ በ1963 ሲመሠረት ባየርን አልተካተተም፤ ከሙኒክ የተመረጠው ጎረቤቱ 1860 ሙኒክ ነበር። ባየርን ወደ ሊጉ ያደገው በ1965 ሲሆን፣ ግብ ጠባቂው ማየርና ቤከንባወር ከክለቡ ወጣቶች የወጡ፣ አጥቂው ጌርድ ሙለርም በ1964 ከትንሿ ከተማ ከኖርድሊንገን የመጣ ነበር። ማሽንነቱም አያስኬድም። ቤከንባወር ከተከላካዮች ኋላ ተነስቶ ኳስ እየገፋ እስከ ተጋጣሚ የግብ ክልል የሚደርስ፣ በነጻነት የሚጫወት ሊቤሮ ነበር። በ1971/72 ከተቆጠሩት 101 ግቦች 40ዎቹ የሙለር ብቻ ናቸው። የአውሮፓን ዋንጫ ባነሳበት በ1974/75 ደግሞ ባየርን በገዛ ሊጉ 10ኛ ሆኖ ጨረሰ። በጥቂት ድንቅ ሰዎች ትከሻ የቆመ ቡድን እንጂ የማይዛነፍ ማሽን አልነበረም።

ባየርን በዕድል አሸነፈ የሚሉት ግን ከፊል እውነት ይዘዋል። በ1974ቱ ፍጻሜ ብራስልስ ላይ አትሌቲኮ ማድሪድ በተጨማሪ ሰዓት እየመራ ነበር፤ በመጨረሻዋ ደቂቃ ተከላካዩ ሽቫርትሰንቤክ ከሩቅ መትቶ አቻ አደረገ። በ1975ቱ ፍጻሜ የሊድሱ ሎሪመር ያገባት ግብ ተሻረች። በ1976ቱ ፍጻሜ የሴንት ኤቲየን ሁለት ኳሶች አግዳሚውን መትተው ተመለሱ። ሆኖም ብራስልስ ላይ ከሁለት ቀን በኋላ በተደገመው ጨዋታ ባየርን አትሌቲኮን 4 ለ 0 ደምስሷል፤ ያ ውጤት የዕድል አይደለም።

ብዙዎች ሁለቱ ክለቦች በዚያ ዘመን አልተገናኙም ብለው ስለሚያምኑ የ1974ን የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ እንደ ዳኛ ይወስዳሉ። ያ ጨዋታ የአገር እንጂ የክለብ አይደለም። ምዕራብ ጀርመን ስድስት የባየርን ተጫዋቾችን ስታሰልፍ ኔዘርላንድ ከአያክስ አምስት ብቻ ነበሯት፤ ክሩይፍ በ1973 ወደ ባርሴሎና ሄዷል።

እውነተኛው ፍልሚያ የተደረገው በመጋቢት 1973 በሩብ ፍጻሜ ነው። አምስተርዳም ላይ እስከ ዕረፍት 0 ለ 0 ነበሩ። ከዕረፍት በኋላ ሃን ሁለት፣ ሄሪ ሙረን እና ክሩይፍ አንዳንድ አስቆጥረው አያክስ 4 ለ 0 አሸነፈ። ባየርን ገና ልጅ ነበር የሚለው ማመካኛ ብዙ አያስኬድም፤ በሰኔ 1972 ምዕራብ ጀርመንን የአውሮፓ ሻምፒዮን ያደረገው ቡድን ውስጥ ስድስቱ የባየርን ልጆች ነበሩ።

የባየርን ትልቅነት ያለው በጽናቱ ነው። አያክስ ክሩይፍን ባጣበት በ1973 መኸር ከአውሮፓ ዋንጫ በሁለተኛው ዙር በቡልጋሪያው ሲኤስኬኤ ሶፊያ ተሰናበተ። ባየርን ግን ተከላካዩን ብራይትነርን ሸጦ፣ በ1975 መጀመሪያ ላይ አሰልጣኙን ላቴክን በክራመር ተክቶም ማሸነፉን ቀጠለ። በከፍታቸው ሲመዘኑ ግን የተሻለው አያክስ ነው፤ በ1973ቱ ሩብ ፍጻሜ የመልስ ጨዋታ ሙኒክ ላይ ባየርን 2 ለ 1 ቢያሸንፍም የደርሶ መልሱ ድምር ለአያክስ 5 ለ 2 ሆኖ ተመዝግቧል።